የጋሽ አያሌው እግርና የፋሲካው ብርዝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መንገድ መሄድ ተቸግሬአለሁ። ሰላም ያለኝ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ሰሞኑን ገበያ ወጥቼ አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ እዚያው ጭቃው ዳር ካልሲዋን ስባ አወጣችና "ዶክተር፣ ይችን አውራ ጣቴን እይልኝ" አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም። ነርስ ሆኜ ጀምሬ ነርስ ሆኜ ነው የጨረስኩት። የእኛ አገር ሰው ግን ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ይላል። በጎረምሳነቴ "ነርስ ነኝ" እያልኩ አርም ነበር፤ ኋላ ሰለቸኝ። ከዚያ ደግሞ ስሙ ሳይጣፍጠኝ አልቀረም፤ ዝም አልኩ።

ጣቷን አየሁላት። ቆዳዋ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነው እንጂ ደህና ናት። ቅባት ቀቢው፣ በባዶ እግርሽ ደጅ አትውጪ አልኳትና መርቃኝ ሄደች። ሰው ሲመርቀኝ አሜን ማለት ይከብደኛል። ስንቱን እግር አይቻለሁ፤ ከሁሉ አንዱን ግን አይቼ እንዳላየ አልፌዋለሁ፤ ያ እግር ዛሬ የለም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ እግር ነው። ስለ ጡረታው ወረቀት ዛሬ ነገ መባልና ስለ ደመወዙ ሌላው ጡረተኛ በደንብ ያወራላችኋል።

የመጀመሪያ ምድቤ ዲማ አካባቢ ያለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበረች። ኃላፊዋ ሲስተር ዘውዲቱ ይባሉ ነበር፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከዲማው ገዳም ደወል የማያንስ። ሙያ የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ትምህርት ቤቱማ የሰጠኝ ወረቀት ነው። በሽተኛ ገብቶ "ጤና ይስጥልኝ" ሲል መልሳቸው "ጫማ!" ነበር። ራሱን ያመመው ይሁን ሆዱን ያመመው ግድ የላቸውም። ጫማው ይወልቃል፣ ሱሪው ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ሁለቱንም እግር ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። "ሰው ሐኪም ዘንድ ሲመጣ ፊቱን ያሳምራል፤ እግሩን የሚያሳምር የለም። እውነቱ ያለው እዚያ ነው" ይሉ ነበር።

ትኩሳትን የሚለዩት በእጃቸው ጀርባ ነው። መዳፍ ሥራ አደንድኖታል፣ አታምነው ይላሉ። መጀመሪያ ደህናውን እግር በእጃቸው ጀርባ ይነኩና ቀጥለው የታመመውን፤ ከዚያ ተመልሰው ደህናውን። "ሁለቱን ሳታስተያይ አንዱን አታውቀውም።" እኔ ቸኩዬ የታመመውን ብቻ ከነካሁ እጄን በጥፊ መታ ያደርጉኝ ነበር፤ በሽተኛው ፊት። ያን ጊዜ በጣም አፍር ነበር። ያ እፍረት ዛሬ ሳስበው ቀላል ነበር።

ሴቶች ለወሊድ መከላከያ ክንዳቸው ውስጥ የምትቀበረውን የክብሪት እንጨት የምታህል ነገር ማስገባትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማስገባቱን ቶሎ ለመድኩ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን ጊዜው ያለፈበትን ልታስወጣ አንዲት ሴት መጣች። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ያስገባችው ነው። ቆዳዋን አደንዝዤ ትንሽ ቀደድኩና ፈለግሁ። የለም። ትንሽ አሰፋሁት። የለም። ላቤ ጠብ ጠብ ሲል ሲስተር ዘውዲቱ ገቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዷን በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ዳሰሱና "ሳትዳስሰው ነው የቀደድከው?" አሉኝ። ቁስሉን ራሳቸው ዘግተው፣ ጥልቅ ገብቷል፣ በምስል ታይቶ ነው የሚወጣ ብለው ወደ ሆስፒታል ላኳት፤ ሴትዮዋንም ይቅርታ ጠየቋት፤ በእኔ ፋንታ።

ማታ ራታችንን ስንበላ እንዲህ አሉኝ፦ "ሰውነት ውስጥ የተቀበረ ነገር እንግዳ ነው። ደህና እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ጠቅሞ ይኖራል። ግን ሕይወት የለውም፣ ደም አይዞርበትም። ደም የማይዞርበት ላይ ጀርም ከተቀመጠ መድኃኒት አይደርስበትም። ብረትም ይሁን ላስቲክ፣ ባጠገቡ የበቀለች ብጉር ብጉር አይደለችም። ያኑ ቀን ነው።" ያኑ ቀን ነው ማለታቸው ለነገ አይባልም ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

ከዲማ ቀጥሎ ደጀን ተመደብኩ። ደጀን ያስተማረኝ የመኪና አደጋን ነው። ከዓባይ በረሃ የሚወጣው የጭነት መኪና ፍሬኑ እየተቃጠለ ሽታው ከጤና ጣቢያው በር ይደርስ ነበር። ጋሽ አያሌውን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። እህል የሚያመላልሱ ሾፌር ነበሩ። መኪናቸው ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ተሸክመው አመጧቸው፤ የግራ ቅልጥማቸው ተሰብሮ አጥንቱ በቆዳው ብቅ ብሏል። ደሙን አቁሜ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥቤ፣ እግሩን በጣውላ ደግፌ በጋቢያቸው ጠቅልዬ አዲስ አበባ ላክኋቸው። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች አጥንቱን ገጥመው ብረት በብሎን አሰሩለት።

ዳግመኛ በእግራቸው እየተራመዱ ሲመጡ በግ ይዘው ነው። በጉን አልቀበልም ብዬ ተጣላን፤ ኋላ በጉ ታርዶ የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ በላው። "እግሬን የሰጠኸኝ አንተ ነህ" ይሉኝ ነበር። የሰጡዎት የአዲስ አበባ ሐኪሞች ናቸው ብል አይሰሙም። ሾፌርነቱን ትተው አገራቸው ይጁቤ ገብተው የእህል ንግድ ጀመሩ። እኔም ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። ከዓመታት በኋላ የስኳር በሽታ ተገኘባቸውና እኔው ክፍል፣ ክትትል ላይ፣ ተገናኘን። "እግዜር እኔና አንተን በአንድ ቀንበር ጠምዶናል" አሉና ሳቁ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ያላየሁት የለም። አንድ ጡረተኛ መምህር ከአንገት አጥንታቸው በታች የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን ተቀብሮላቸው መጡ። ሚስታቸው ለብቻዬ ጎተት አድርገው "ልጄ፣ ቀኑ ደርሶ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ይህ ነገር ይይዝብን ይሆን?" አሉኝ። አልሳቅሁም። "ልብን ያስታውሳል እንጂ ነፍስን አያስርም እናቴ" አልኳቸው። ይልቅ ቆዳው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ በዓልም ቢሆን ሰርግም ቢሆን ጥለው ይዘዋቸው ይምጡ አልኳቸው። እንዲህ ብዬ በአፌ ተናግሬአለሁ፤ በዓልም ቢሆን ብዬ።

ከሁሉ የታወቅሁት ግን በበዓል ትምህርቴ ነበር። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ ሲቀርብ የስኳር ሕሙማንን ሰብስቤ ጠዋት ጠዋት አስተምር ነበር። አለቃችን ግድግዳው ላይ ሥዕል መለጠፍ ነው የሚወዱት፤ እኔ በአፌ ነበር የምሠራው። ጾሙን ሲፈቱ ተርበው አይቅረቡ፣ የራበው ሰው ልክ የለውም፤ ድፎ ዳቦውን ቁራሽ ነው፣ ከዚያ ወደ ወጡ፤ ለስላሳ መጠጥ ለእናንተ አልተፈጠረም፤ ማርም ስኳር ነው፣ ብርዝም ያው በውኃ የተበጠበጠ ማር ነው፤ ባያሰክርም ደም ውስጥ ሲገባ ከለስላሳው አይለይም፤ መድኃኒታችሁን በበዓል ቀን አታሳርፉት፤ ዘመድ ጥየቃ በእግር ሂዱ። ያሳቅኋቸዋል፣ ያጨበጭቡልኛል። ጉርሻን እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል በድርጊት ሳሳያቸው ሽማግሌዎቹ እንባ በእንባ ይሆኑ ነበር።

ሲስተር ዘውዲቱ ጡረታ ወጥተው ደብረ ማርቆስ ይኖሩ ነበርና አንድ ቀን መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ሰሙኝ። ሲያልቅ አድናቆት ጠብቄ ቀረብ አልኩ። "አነጋገርህ ያምራል" አሉ። "ሚስቶቻቸው የታሉ?"

"የማን ሚስቶች?"

"እነዚህ ወንዶች ምን ያውቃሉ? ድግሱን የሚደግሰው ማነው? በዓል የሚጀምረው ጥንስስ የተጣለ ቀን ነው። ፋሲካ ቅዳሜ ሌሊት ከመጣህ ዘግይተሃል። ማሩ ሳይገዛ ሴቶቹን አናግራቸው። ደግሞም እምቢ የማለትን ሸክም በሽተኛው ላይ ብቻ አትጣልበት። ብቻውን አይችለውም፤ የሰው ፊት እሳት ነው።"

እውነታቸውን ነው ብዬ ሚስቶችን መጥራት ጀመርኩ። አንድ ሁለት በዓል ሠራሁበት። ከይጁቤ እስከ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ብሎ የሚመጣ ሴት ግን ብዙ አይደለም፤ የጋሽ አያሌው ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅም አልመጡም። እኔም አልተከታተልኩም። ሲስተር ዘውዲቱ በዚያው ዓመት አረፉ። እሳቸው ካረፉ በኋላ የሚቆጣኝ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚቆጣው ሲያጣ ጥሩ የሠራ ይመስለዋል።

ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ጋሽ አያሌው ደወሉ። "ፋሲካን እኔ ቤት ነው የምትውለው" አሉ። ቤተሰብ አለኝ ብል አልሰሙም። "ይዘኻቸው ና፤ ካልሆነም ብቻህን ና። ብትቀር እኔ አልገድፍም።" እንዲህ ለምነውኝ አያውቁም ነበር። እድሜ ነው፣ መናፈቅ ነው ብዬ አሰብኩ። የራሴን ቤት ጾም አስፈትቼ፣ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ይጁቤ ገባሁ።

ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ወደ ቤት አላስገቡኝም። "መጀመሪያ ና ጓሮ፣ በሬዬን ላሳይህ" አሉ። በሬውን አላሳዩኝም። አጥሩ ጥግ ስንደርስ የግራ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቀለሉ። የቀዶ ጥገናው ረጅም ጠባሳ ላይ፣ ብረቱ ባለበት ቦታ፣ ሽምብራ የምታህል ቀይ እብጠት አለች፤ ጫፏ ረጠብ ብሏል።

"መቼ ወጣች?" አልኩ።

"በሰሙነ ሕማማት። ስግደቱ ይሆን?" አሉ። "እስቲ እይልኝ።"

ተንበረከክሁ። በእጄ ጀርባ ቀኙን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ግራውን ነካሁ፤ ይሞቃል። ተመልሼ ቀኙን ነካሁ። አወቅሁት። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ሲስተር ዘውዲቱ አጠገቤ ቢሆኑ ገና ሳልናገር ጋሽ አያሌውን ጎትተው መኪና ላይ በሰቀሏቸው። እኔ ግን ከቤት ውስጥ የሰው ሳቅ ይሰማኛል። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ የነፍስ አባታቸው ቄሱ ማዕዱን ሊባርኩ ተቀምጠዋል፣ በሩ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ "ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ?" እያሉ ይጠራሉ። አሁን "ተነሡ፣ ሆስፒታል እንሂድ" ብል ያን ሁሉ ሰው በትንሣኤ ቀን ማስደንገጥ ነው። ደግሞም ቀዶ ሐኪሙ ለበዓል ዘመዶቹ ዘንድ ሄዷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ተረኛ ሐኪም መኖሩን፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ እንደሚችል ልቤ ያውቃል።

"ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ይምጡ" አልኳቸው። "አሁን በበዓል ሰው አያገኙም። ንጹሕ ያድርጓት።"

"እሽ" አሉ። ሱሪያቸውን ወደ ታች መለሱና "ዛሬስ እንዴት ልሁን?" አሉኝ።

"ቀለል ያድርጉት" አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ገባን። ማዕዱ ተባረከ፤ ተበላ። ለእኔና ለጋሽ አያሌው ጠጅ አይሆንም ተብሎ ብርዝ ነው የተዘጋጀልን። እትዬ ጥሩወርቅ ብርሌውን ሞልተው ከፊቴ ቆሙ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ይቅርብኝ፣ ውኃ ይስጡኝ" አልኩ።

"ምነው? ቤቴ አይመጥንም?"

"ኧረ እትዬ!"

"ራሴ ነኝ የበጠበጥኩት። አልኮል የለው፣ ምን የለው፤ ንጹሕ የአገራችን ማር። አፈር ስሆን ቅመስ።"

"ጠግቤ ነው።"

"በሞቴ!"

በሞቴ ካሉ በኋላ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚቻል እኔ ነበርኩ ለሰው የማስተምረው። የዚያ ሁሉ ሰው ዓይን እኔ ላይ ነው። ተቀበልኩ። ጠጣሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህንም ልናገር፣ በጣም ጥሩ ብርዝ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ዞረው ለባለቤታቸው "ይኸው ሐኪሙ ጠጣ እኮ! እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉ። ጋሽ አያሌው ብርሌውን ይዘው አዩኝ። ሁሉም አየኝ። ያኔ እኔ፣ በቀልዴ የታወቅሁት ሰው፣ ምን አልኩ? "የፋሲካ ብርዝማ የተባረከ ነው፤ ስኳሩን አባ አውጥተውለታል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ። ጋሽ አያሌው አልሳቁም፤ ጠጡ። ተቀዳላቸው፤ ጠጡ።

ቀልዴ ከእኔ ቀድሞ ደብረ ማርቆስ ገባ። በዚያው ሳምንት አንድ የይጁቤ በሽተኛ መጥቶ "ዶክተር፣ የተባረከ ብርዝ ስኳር የለውም ብለዋል አሉ" አለኝ። ሊቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የምሩን ነበር። ስልክ አንሥቼ ጋሽ አያሌው ዘንድ ልደውል አሰብኩና በበዓል ሳምንት ምን ብዬ ላስጨንቃቸው አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

ቀጠሯቸውን አክብረው ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መጡ፤ በልጃቸው ጀርባ። ጋቢያቸውን ስገልጠው ሽታው ቀደመኝ። ሽምብራዋ የለችም፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት አብጦ፣ ከጠባሳው ሥር መግል ይወርዳል። ስኳራቸውን ስለካው መለኪያው ቁጥር መቁጠር አቅቶት "ከፍተኛ" ብሎ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ብርዙ አልተቋረጠም ነበር፤ ሐኪሙ ፈቅዷል ተብሎ። ትኩሳት ሲነሣባቸው እንኳ "ቀጠሮዬ ከዳግማይ በኋላ ነው" ብለው ጠብቀዋል። ከሰው ሁሉ ቀጠሮ የሚያከብር በሽተኛ ማን ነው ብትሉኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን የተጠጣ ብርዝ እግር አያስቆርጥም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። እግር የሚያስቆርጠው ብረት ላይ የተቀመጠ ጀርም፣ በከፍተኛ ስኳር እየፋፋ፣ ሳምንት ሙሉ ሲጠበቅ ነው፤ ያን ሳምንት የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስንልካቸው አብሬ ሄድኩ። ብረቱን አወጡት፤ ከሥሩ ያለው አጥንት በስብሷል። ወጣቱ ቀዶ ሐኪም "መቼ ነው የጀመረው? ቀድሞ ያየው የጤና ባለሙያ የለም?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አያሌው አልጋው ላይ ናቸው፤ ይሰማሉ። እኔ "ገጠር ነው፣ በዓልም ነበር፣ ዘግይተው መጡ" አልኩ። ዘግይተው መጡ! ጥፋቱን ተኝተው ላሉት ሰው አሸከምኳቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አደረጉ። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ሠራሁ። ጫማ አስወለቅሁ፣ የእጄን ጀርባ ተጠቀምኩ፣ ብረት ያለበትን ሁሉ ያኑ ቀን ነው አልኩ። የበዓል ትምህርቱን ግን ለአንዲት ወጣት ነርስ ለቀቅሁላት። ለምን ስትለኝ "ድምፄ ደክሟል" አልኳት።

ሽኝቴ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ንግግር ተደረገ። እዚያ መኖራቸውን ሳላውቅ ጋሽ አያሌው በሁለት ክራንች ከኋላ ተነሡና የመናገር ፈቃድ ጠየቁ። ከይጁቤ ድረስ መጥተዋል። "ይህ ሰው" አሉ "ደጀን ላይ ደሜን ያቆመ፣ ኋላም ትልቁ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አልጋዬ ሥር የተኛ ነው።" ተጨበጨበ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። የለበስኩት ጋቢ ከበደኝ። ሰዉ በደስታ ያለቀስኩ መሰለው።

ያን ቀን ነው ልነግራቸው የቆረጥኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም መናገር አለብኝ ብዬ ይጁቤ ሄድኩ። ጋሽ አያሌው ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጤፍ የሚያበጥሩ ሴቶችን ያያሉ። ሴቶቹ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ዓይናቸውን ሳላይ። ያን ቀን እግርዎን ስነካው አውቄው ነበር አልኩ። ያኑ ቀን መሄድ ነበረብን፤ በዓሉን ላለማበላሸት ብዬ ነው። ለቀዶ ሐኪሙም ዋሸሁ። ብርዙንም መጠጣት አልነበረብኝም።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ጨረስክ?" አሉ።

"ጨረስኩ።"

"እኔም አውቅ ነበር" አሉ። "እንዳወቅህ አውቄአለሁ። የሞቀ እግር እኔን አያሞኘኝም፤ የራሴ እግር ነው። ለመሆኑ ያን ፋሲካ እንደዚያ አድርጌ የለመንኩህ ለምን መሰለህ?"

"ናፍቄዎት መስሎኝ።"

"እሱስ ናፍቀኸኛል። ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥሩወርቅን እምቢ ማለት አልችልበትም። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር በሞቴ ካለች ችዬ አላውቅም። ጎረቤቱም እንዲያው ነው። እንዲህ አልኩ በልቤ፤ ሐኪም አጠገቤ ከተቀመጠ ማን ያስገድደኛል? እሱ ይከለክለኛል፣ እኔ ከነገሩ ነፃ ነኝ። እግሬንም ከማዕድ በፊት ያሳየሁህ ለዚያ ነው። ትቆጣለህ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሰው ፊት እንድትቆጣኝ።" ክራንቹን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉት። "ቀና ብዬ ሳይህ ብርሌው በእጅህ ነው።"

"ያኔ ምን አሉ በልብዎ?"

"አፈረ አልኩ። አየሁህ፣ አፍረሃል። አንተ አፍረህ ስትጠጣ እኔ እምቢ ብል አንተን ማዋረድ መሰለኝ። ሁለታችንም አፍረን ጠጣን።"

እትዬ ጥሩወርቅ ከውስጥ ምሳ ደረሰ እያሉ ይጠራሉ። ጋሽ አያሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለእሷ ግን እንዳትነግራት" አሉኝ። "እግዜር ያመጣው ነው ብላ ተቀብላዋለች። በሞቴ ያለችው እሷ ናት፤ ብትሰማ አትተርፍልኝም።"

እሽ አልኩ። ምሳውን በላሁ። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ልሄድ ስነሣ ተነሡ። ይቀመጡ ብል አልሰሙም፤ እንግዳ ሳይሸኝ አይለቀቅም። በክራንቻቸው እየተመረኮዙ እስከ ግቢው በር አብረውኝ መጡ። ከበሩ ወዲያ መንገዱ ድንጋያማ ቁልቁለት ነው፤ መኪና የሚያዝበት ታች ነው። በሩን ይዘው ቆሙ፤ ቁልቁለቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"እስከ መኪናው ልሸኝህ ይገባ ነበር" አሉኝ። "የምችለው እዚህ ድረስ ነው። አትቀየመኝ።"